ባቡሩ ትቶት የሄደው መስመር፦ የሚዙሪው ኬቲ ትሬይል እንዴት ተረፈ?

አሜሪካ ውስጥ ስለ ረጅም የእግርና የብስክሌት መንገድ ሲወራ የሚዙሪ ስም መነሳቱ ብዙ ሰው ይገርመዋል። እንደ ኮሎራዶ ተራራ የለው፣ እንደ ካሊፎርኒያ ባሕር የለው። ግን ከድሮ የባቡር መስመር ተለውጠው ከተሠሩት የአሜሪካ ትሬይሎች በርዝመቱ አንደኛ ተብሎ የሚጠራው እዚያ ነው ያለው። ኬቲ ትሬይል ይባላል። በምዕራብ ከክሊንተን ከተማ ይነሳና በምሥራቅ ሴንት ሉዊስ አጠገብ እስካለችው ማቼንስ ድረስ 240 ማይል ገደማ ይሄዳል። በኪሎ ሜትር 386 አካባቢ መሆኑ ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ ለመድረስ ትንሽ ይቀረዋል።

ስለዚህ መንገድ ሰው የሚያወራው አብዛኛውን ጊዜ ውበቱን ነው። ወንዙ፣ ገደሉ፣ የወይን እርሻው። ደስ ይላል፣ እኔም እመጣበታለሁ። እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ይህን ያህል ርዝመት ያለው አንድ ወጥ መሬት፣ በስንት ሰው ማሳ መሃል አልፎ፣ ሳይቆራረጥ እንዴት ተረፈ? ጠጠር ማልበስ ቀላል ነው። ድልድይ ማደስም ገንዘብ ካለ ይሠራል። መስመሩ አንዴ ከተበጣጠሰ ግን የትኛውም ስቴት በፈለገው ገንዘብ መልሶ አይሰበስበውም። የኬቲ ታሪክ የመንገድ ግንባታ ታሪክ ይመስላል እንጂ በአብዛኛው የሕግ፣ የክርክርና የአንድ ባለጠጋ ቤተሰብ ታሪክ ነው። (ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ከነገሩ ሥር እንጀምር። የአሜሪካ የባቡር ሐዲድ ርዝመት ጣሪያ የነካው በ1916 ነው፣ 254,000 ማይል ገደማ። ከዚያ በኋላ መኪናና ጭነት መኪና መጡና ቁልቁል ወረደ። ኩባንያዎች ከሰሩ፣ ተዋሐዱ፣ የማያዋጣቸውን መስመር እየተዉ ሄዱ። አንድ መስመር ሲተው ሐዲዱ ይነቀላል፣ ብረቱ ይሸጣል፣ መሬቱ ለየጎረቤቱ ይሄዳል። አንዱ ያርሰዋል፣ ሌላው ያጥረዋል፣ ከተማ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ጋራዥ ይሠራበታል። ከጥቂት ዓመት በኋላ እዚህ ጋ ባቡር ያልፍ ነበር ቢባል የሚያምን አይገኝም።

ኬቲ የተባለው ባቡር ሙሉ ስሙ ሚዙሪ–ካንሳስ–ቴክሳስ ነው። በምህጻሩ የመጨረሻ ሁለት ፊደሎች ሰው ኬ-ቲ፣ ኬ-ቲ ሲለው ኬቲ ሆኖ ቀረ። ሚዙሪ ውስጥ መስመሩ ከሴዳልያ ወደ ምሥራቅ ይመጣና ቡንቪል ላይ የሚዙሪን ወንዝ ይሻገራል፣ ከዚያ ወንዙን ተከትሎ በሰሜን ዳር እስከ ሴንት ሉዊስ አካባቢ ይወርዳል። ለባቡር የወንዝ ዳር ጥሩ ነው። ሜዳ ነው፣ ዳገት የለም። ጣጣው ጎርፍ ነው። በ1986 ጥቅምት ላይ ወንዙ ሞልቶ ሐዲዱን በብዙ ቦታ ጠራረገው። ኩባንያው አሰበበት፣ ማደስ አያዋጣም አለ። ባቡሮቹን በሌላ ኩባንያ ሐዲድ ላይ አዛወረና ከሴዳልያ እስከ ማቼንስ ያለውን መስመር ለመተው አመለከተ። ሁለት ዓመት ሳይቆይ ራሱ ኬቲም በዩኒየን ፓሲፊክ ተገዛ።

እዚህ ላይ ሕጉ ይገባል። የአሜሪካ የባቡር ኩባንያ መስመር ሲተው ዝም ብሎ እቃውን ሸክፎ አይሄድም፣ የፌዴራል ፈቃድ ያስፈልገዋል። ኮንግረሱ በ1983 የብሔራዊ ትሬይሎችን ሕግ ሲያሻሽል አንዲት አንቀጽ ጨመረ። ኩባንያው መስመሩን መተው ከፈለገና አንድ የመንግሥት አካል ወይም ድርጅት ኃላፊነቱን፣ ግብሩንና ተጠያቂነቱን እኔ እወስዳለሁ ካለ፣ መስመሩ እንደተተወ አይቆጠርም። ለወደፊት ባቡር አገልግሎት እንደተቀመጠ ይቆጠራል። እስከዚያው ሰው ይሂድበት፣ ብስክሌት ይንዳበት። ነገ ባቡር ያስፈልጋል ከተባለ ትሬይሉ ይነሳና ሐዲድ ይመለሳል። ይህን አሠራር ሬይል ባንኪንግ ይሉታል።

ብልሃቱ ግልጽ ነው። በወረቀት ላይ ባቡሩ አልሞተም። ስለዚህ መሬቱ ወደ ማንም አይመለስም። አንድ ሰው ይህ ማታለል ነው ቢል አልፈርድበትም፣ ብዙ ገበሬዎችም ያሉት ይህንኑ ነው። ግን ያለዚህ አንቀጽ ኬቲ ትሬይል የሚባል ነገር አይኖርም ነበር፣ ይህም እውነት ነው።

ሕግ ብቻውን መሬት አይገዛም። ያኔ የስቴቱ ገዥ ጆን አሽክሮፍት ነበሩ፣ አዲስ ሕግ የወጣለት፣ ጎረቤቱ የተቆጣበት፣ ወጪው የማይታወቅ ፕሮጀክት ደግሞ ለማንም ፖለቲከኛ የሚያጓጓ አይደለም። ክፍተቱን የደፈኑት ቴድ ጆንስና ባለቤታቸው ፓት ናቸው። ቴድ ኤድዋርድ ጆንስ የተባለውን የኢንቨስትመንት ኩባንያ ከአባታቸው ተረክበው በየትንንሹ ከተማ ቅርንጫፍ በመክፈት ያስፋፉ ሰው ናቸው። ኑሯቸው ግን ካላዌይ ካውንቲ እርሻ ላይ ነበር። ዊስከንሲን ሄደው ኤልሮይ–ስፓርታ የተባለውን ትሬይል በብስክሌት አይተው ነበር። በ1960ዎቹ የተከፈተና በየባቡሩ ዋሻ ውስጥ የሚያልፍ፣ ለዚህ ዓይነቱ መንገድ ሁሉ ፈር ቀዳጅ የሚባለው ነው። የትንንሾቹን ከተሞች ንግድ ሲያዩ ለእኛስ ለምን አይሆንም አሉ።

መስመሩን ለመረከብ 200,000 ዶላር ሰጡ፣ ለግንባታው ደግሞ ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር ጨመሩ። የመጀመሪያው ክፍል በ1990 ሚያዝያ ላይ ሮችፖርት በተባለች ትንሽ ከተማ ተከፈተ። ቴድ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ አረፉ። የጀመሩትን አዩ፣ ሙሉውን አላዩም።

ልግስናውን ሳደንቅ አንድ ነገር ይከነክነኛል። የሕዝብ ሀብት መሆን የሚገባው ነገር የአንድ ደግ ባለሀብት ኪስ ላይ ከተንጠለጠለ፣ ባለሀብት ያልገጠመው መስመርስ? ለዚህ ጥያቄ መልሱ ሮክ አይላንድ በተባለው ሌላ የሚዙሪ የባቡር መስመር ላይ ይመጣል፣ እዚያ ስንደርስ።

አሁን ወደ ገበሬዎቹ። በሚዙሪ ሕግ ብዙው የባቡር መሬት የኩባንያው ንብረት አልነበረም። ኩባንያው የነበረው የመተላለፊያ መብት ነው። መሬቱ የገበሬው፣ ማለፉ የባቡሩ። ባቡሩ ከቀረ መብቱም ይቀራል፣ መሬቱ ለባለቤቱ ነፃ ይሆናል። እኛ አገር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ፣ ገበሬውም በእጁ ያለው የይዞታ መብት ስለሆነ፣ ይህ ክርክር በዚህ መልኩ አይነሳም። ሚዙሪ ላይ ግን ሰውየው አያቱ ለባቡር የፈቀዱትን መሬት ባቡሩ ሲቆም መልሶ ሊያርሰው እየጠበቀ ነበር። ባቡሩ ቆመ። መሬቱ አልተመለሰም። በምትኩ የማያውቀው ሰው በብስክሌት በጓሮው ሊያልፍ ነው ተባለ።

ፍርሃታቸው ብዙ ነበር። ሌባ ይመጣል፣ ቆሻሻ ይጣላል፣ አጥር ይሰበራል፣ ከብት ይደነግጣል፣ አረም ይወርሰናል፣ ሰው ወድቆ ቢጎዳ እኛን ይከሰናል። ከዚህ ውስጥ አረሙና አጥሩ እውነተኛ ጣጣ ነው፣ በየዓመቱ የሚመጣ። ሌብነቱ ግን የተፈራውን ያህል አልሆነም። ለመስረቅ ብሎ ሃያ ማይል ብስክሌት የሚነዳ ሰው ብዙ የለም።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄደ፣ ዓመታትም ወሰደ። በ1990 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከቨርሞንት በመጣ ተመሳሳይ ክርክር ሕጉ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ብሎ ወሰነ፣ ነገር ግን ባለመሬቱ ንብረቴ ተወሰደብኝ የሚል ከሆነ ካሳውን ከፌዴራል መንግሥት መጠየቅ ይችላል አለ። አሥር ዓመት ቆይቶ፣ በ2000፣ የፌዴራል የይገባኛል ጥያቄ ፍርድ ቤት የኬቲ ትሬይልን ባለመሬቶች ጉዳይ አይቶ መሬታቸው እንደተወሰደ ፈረደ። የተፈቀደው ለባቡር ነው፣ ትሬይል ባቡር አይደለም፣ ስለዚህ ካሳ ይገባቸዋል ነው ነገሩ።

እንደ እኔ ፍርዱ ትክክል ነው። ትሬይሉን እወደዋለሁ፣ ገበሬውም እውነት ነበረው። ሁለቱ አይጣሉም። መንግሥት መስመሩ ለአገር ይጠቅማል ካለ ጥቅሙን ለአገር፣ ሸክሙን ለአንድ ገበሬ ማድረግ የለበትም። የሚያስቆጨው ጊዜው ነው። ከ1986 እስከ 2000 አሥራ አራት ዓመት ነው። ካሳው ገና ከመጀመሪያው አብሮ ቢታሰብ ኖሮ ያ ሁሉ ቂም ባልተጠራቀመ ነበር። ያ ቂም ደግሞ አልጠፋም፣ ኋላ ሮክ አይላንድ ሲመጣ እንደገና ተነሳ።

በመሃል ወንዙ ተመለሰ። በ1993 የመካከለኛው ምዕራብ ታላቅ ጎርፍ ትሬይሉን በረጅሙ አጥለቀለቀው። ጠጠሩ ሄደ፣ አፈሩ ተቦረቦረ፣ ድልድዮች ተጎዱ። አድሰው ሳይጨርሱ በ1995 ደገመ። ባቡሩን ያባረረው ወንዝ ትሬይሉንም ቢያባርር አይገርምም ነበር። ልዩነቱ ወጪው ላይ ነው። የባቡር ሐዲድ ሲወሰድ ብረት፣ ግንድ፣ ሰው፣ የቆመ ጭነት፣ የተናደደ ደንበኛ ነው። ትሬይል ሲወሰድ ጠጠር አምጥቶ መድፋት፣ መጠቅጠቅ፣ እስከዚያው ዝግ ነው የሚል ምልክት መለጠፍ ነው። ቀላል አይደለም፣ ግን ይቻላል።

ይህን የማደስ ገንዘብ ከየት አመጡ? ሰው ብዙ የማያነሳው፣ እኔ ግን የጉዳዩ ግማሽ ነው የምለው ይህ ነው። ሚዙሪ በ1984 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ለፓርኮችና ለአፈር ጥበቃ የሚሆን ልዩ የሽያጭ ታክስ አጸደቀ። ከአንድ ፐርሰንት አንድ አሥረኛ ነው። አሥር ዶላር ስታወጣ አንድ ሳንቲም መሆኑ ነው። ግማሹ ለስቴት ፓርኮች፣ ግማሹ ለእርሻ አፈር። ታክሱ በየአሥር ዓመቱ ተመልሶ ለሕዝብ ድምፅ ይቀርባል፣ በ2016 ወደ ሰማንያ በመቶ የሚጠጋው መራጭ ይቀጥል አለ። ሚዙሪ ታክስ የሚወድ ስቴት አይደለም። የአፈር ጥበቃውን አብሮ ማስገባታቸው ትልቅ ብልህነት ነው። ትሬይሉን የጠላ ገበሬ ራሱ የእርከኑን ገንዘብ የሚያገኘው ከዚሁ ነው። የስቴት ፓርኮቹ መግቢያም በነፃ ነው። ኬቲ ላይ ትኬት የሚቆርጥ የለም።

መስመሩ በሁለቱም ጫፍ እየተለጠጠ ሄደ። ዩኒየን ፓሲፊክ በ1991 ከሴዳልያ ወደ ክሊንተን የሚወስደውን 33 ማይል በስጦታ ሰጠ። በምሥራቅ በኩል ያለው የመጨረሻው ቁራጭ እስከ ማቼንስ የተከፈተው በ2011 ነው። ከ1986 ስትቆጥሩት ሃያ አምስት ዓመት።

ከዚህ ሁሉ መሃል የምወደው ክርክር የቡንቪል ድልድይ ነው። በ1932 የተሠራ ትልቅ የብረት ድልድይ ነው፣ መርከብ ሲመጣ መሃሉ ወደ ላይ የሚነሳ። ትሬይሉ ወንዙን የሚሻገረው በመኪና ድልድዩ ዳር ስለሆነ የባቡሩ ድልድይ ሥራ ፈትቶ ቆመ። ዩኒየን ፓሲፊክ ብረቱን ፈልጎ ልፍታው አለ፣ ኦሴጅ ወንዝ ላይ ለሌላ ድልድይ ሊጠቀምበት። በዚያን ጊዜ የስቴቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የነበሩት ጄይ ኒክሰን ከሰሱ። ክርክራቸው የቅርስ ብቻ አልነበረም። መስመሩ የተያዘው ባቡር ይመለሳል በሚል ነው፣ ድልድዩ ከፈረሰ ባቡር በምን ይመለሳል? ወረቀት ላይ ያለው ሐዲድ ወንዙ ላይ ከተቆረጠ መስመሩን በሙሉ ሊያጋልጠው ይችላል ነው ያሉት። ፍርድ ቤት አልቀናቸውም። በኋላ ግን ለኦሴጁ ድልድይ የፌዴራል ገንዘብ ተገኘ፣ ኩባንያው የድሮውን ብረት መፈለጉን ተወ፣ ድልድዩም ለቡንቪል ከተማ ተላለፈ። በ2016 በከፊል ታድሶ ለእግረኛ ተከፈተ። እስከ መሃል ሄዳችሁ ወንዙን ከላይ ታያላችሁ፣ ከዚያ ትመለሳላችሁ።

ስለ መንገዱ ራሱም ጥቂት ልበል፣ አለዚያ ሕግ ብቻ ይሆናል። ንጣፉ የደቀቀ የኖራ ድንጋይ ነው። በደረቅ ቀን ነጭ አቧራው ካልሲ ላይ፣ ሰንሰለት ላይ፣ ውሃ መጠጫ ላይ ሳይቀር ይቀመጣል። ቀጭን ጎማ ያለው የውድድር ብስክሌት አይመከርም፣ ትንሽ ሰፋ ያለ ጎማ ይበቃል። ሮችፖርት ጋ ያለው ዋሻ በ1893 የተጠናቀቀ ነው፣ 243 ጫማ፣ ማለትም ሰባ ሜትር ገደማ። አጭር ነው፣ ከዚህኛው በር የዚያኛው ብርሃን ይታያል። አፉ በጥርብ ድንጋይ ቅስት የተሠራ ነው፣ ውስጡ ግን ጥሬ ዓለት የሚታይበት ቦታ አለው፣ በበጋ ሙቀት ስትገቡ ቅዝቃዜው ፊታችሁን ይመታችኋል። ከዋሻው ወጥታችሁ ወደ ማክቤን ስትነዱ በአንድ ጎን ወንዙ፣ በሌላው የኖራ ድንጋይ ገደል ነው፣ አንዳንድ ቦታ ገደሉ ትሬይሉ ላይ ሊደገፍ ምንም አልቀረው። የመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ ሌላ አትፈልጉ፣ ይህን ክፍል ሂዱ። ቅጠሉ በሚቀላበት ጥቅምት ደግሞ ይብሳል።

አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። የትሬይሉ ማይል ምልክቶች ከዜሮ አይጀምሩም። ማቼንስ ላይ 27 አካባቢ ብለው ይነሱና ክሊንተን ላይ 264ን ያልፋሉ። የባቡሩ የድሮ ቁጥር ነው፣ ሳይነካ የቀረ። የስልክ ካርታ ብቻ ይዞ የሚሄድ ሰው ግራ ይጋባል፣ ስለዚህ የምታርፉበትን ቦታ በማይል ቁጥሩ ያዙት፣ እዚያ ያለው ሰው ሁሉ የሚነግራችሁም በሱ ነው።

ከሴንት ቻርልስ እስከ ቡንቪል ሜዳ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ ወዲያ ወደ ሴዳልያና ዊንድሰር ቀስ ያለ ዳገት አለ፣ ለባቡር የተሠራ ስለሆነ አይገልም፣ ግን ያለማቋረጥ ነው። ጥላ የሌለባቸው ረጅም የበቆሎና የአኩሪ አተር ማሳዎች አሉ። በሐምሌ ፀሐይ እዚያ መገኘት አልመክርም። ትንንሾቹ ከተሞች ሱቃቸውን በጊዜ ይዘጋሉ፣ ሳምንቱ መጀመሪያ ላይ ጭራሹን የማይከፍትም አለ፣ ስለዚህ ውሃና የሚበላ ነገር ከራስ ጋር ነው። መመለሻ ያሳሰበው ሰው ደግሞ መላ አለው። ከሴንት ሉዊስ ካንሳስ ሲቲ የሚሄደው የአምትራክ ባቡር ሄርማን፣ ጀፈርሰን ሲቲና ሴዳልያ ላይ ይቆማል፣ ቀድሞ ቦታ ለያዘ ብስክሌትም ይጭናል። በብስክሌት ሄዶ በባቡር መመለስ ይቻላል።

ለከተሞቹስ ምን አመጣ? ስቴቱ ያስጠናው የ2012 ጥናት በዓመት 400,000 ያህል ሰው እንደሚጠቀምበትና 18.5 ሚሊዮን ዶላር የሚሆን ኢኮኖሚያዊ እንቅስቃሴ እንደሚያመጣ ገምቷል። እንዲህ ያለ ግምት ላይ ሁልጊዜ ትንሽ እጠራጠራለሁ። መንገዱ ባይኖርም ያ ሰው ገንዘቡን ሌላ ቦታ ያወጣ ነበርና። ግን ጥያቄው ገንዘቡ የት ወጣ ነው። ኦገስታ፣ ሃርትስበርግ፣ ሮችፖርት ዓይነት የጥቂት መቶ ሰው መንደር ውስጥ ብስክሌት የሚያከራይ፣ አልጋ የሚያከራይ፣ ሳንድዊች የሚሸጥ ሰው ኑሮው ላይ ለውጡ በዓይን ይታያል።

አሁን ወደ ሮክ አይላንድ። ኬቲ አንድ መስመር ነው። ስቴቱን የሚያዞር መረብ የሚሆነው ሁለተኛ መስመር ሲገናኘው ነው፣ ያ መስመር ደግሞ ከሴንት ሉዊስ ወደ ካንሳስ ሲቲ በደቡብ በኩል ይሄድ የነበረው የሮክ አይላንድ ባቡር ነው። ኩባንያው ከስሮ በ1980 ተዘጋ። ሐዲዱ ብዙ እጅ ተላልፎ በመጨረሻ አሜረን የተባለው የመብራት ኃይል ኩባንያ ሥር ገባ።

ቀጥሎ የመጣውን ማንም አላቀደውም። በ2005 ታኅሣሥ 14 ንጋት ላይ አሜረን ቶም ሶክ በተባለ ተራራ አናት ላይ ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ያጠራቀመው ውሃ ግድቡን ጥሶ ወጣ። ከአንድ ቢሊዮን ጋሎን በላይ ውሃ በደቂቃዎች ውስጥ ቁልቁል ወርዶ ጆንሰንስ ሸት-ኢንስ የተባለውን የስቴት ፓርክ ጠረገው። የፓርኩን ኃላፊ ቤት ከነቤተሰቡ ወሰደው፣ ባልና ሚስቱም ሦስቱ ልጆቻቸውም በተአምር ተረፉ። የብርድ ወቅት ባይሆንና ድንኳን የጣለ ሰው ቢኖር ኖሮ የሚሆነውን ማሰብ ይከብዳል። ስቴቱና ኩባንያው በ2007 ወደ 180 ሚሊዮን ዶላር በሚገመት ስምምነት ተስማሙ። በዚያ ስምምነት ውስጥ ከዊንድሰር እስከ ፕሌዛንት ሂል ያለውን የሮክ አይላንድ መስመር የመጠቀም መብትና ለማልሚያ 18 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ይህ 47 ማይል በ2016 ታኅሣሥ ተከፈተና ዊንድሰር ላይ ከኬቲ ጋር ተገናኘ። ካንሳስ ሲቲ ዳርቻ ድረስ ማለት ነው። በደግ ሰው ልግስና የተጀመረው ነገር በአደጋ ካሳ ቀጠለ።

ከዊንድሰር ወደ ምሥራቅ እስከ ቢውፎርት ያለው 144 ማይል ግን ደግም አደጋም አላገኘም። አሜረን መስጠት ፈለገ። የባቡር መስመር መተውን የሚፈቅደው የፌዴራል ቦርድ በ2015 የካቲት ላይ ለትሬይል መነጋገር ፈቀደ። ሕጉ ለድርድር የሚሰጠው ጊዜ ያኔ 180 ቀን ነበር፣ ይራዘም፣ ይራዘም እየተባለ ስድስት ዓመት አለፈ። ስቴቱ እሺ አላለም፣ እምቢም አላለም። ሁለት ነገር ነበር የያዘው። አንደኛው የጎረቤቶቹ ተቃውሞ ነው፣ የኬቲው ቂም። ሁለተኛው ገንዘብ ነው። ይህ መስመር እንደ ኬቲ ሜዳ ላይ አልተጋደመም፣ የኦዛርክን ኮረብታ እያቆራረጠ ነው የሚያልፈው። ኦሴጅና ጋስኮኔድ ወንዞች ላይ ረጃጅም ድልድዮች፣ ዩጂንና ፍሪበርግ ጋ ዋሻዎች አሉት። ለሚነዳው ሰው ውበቱ እዚያ ነው፣ ለሚከፍለው ደግሞ ራስ ምታቱ።

በ2021 ታኅሣሥ ስቴቱ መስመሩን ተረከበ። በቀጣዩ ዓመት ገዥው ማይክ ፓርሰን ለግንባታው 69 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፌዴራል የኮቪድ ማገገሚያ ገንዘብ እንዲመደብ ጠየቁ፣ ምክር ቤቱ ግን ጥያቄውን ከበጀቱ ሰረዘው። የተቃዋሚዎቹ ክርክር ባዶ አልነበረም። ያሉት ፓርኮች ጣሪያቸው ያፈሳል፣ መጸዳጃቸው ተበላሽቷል፣ የቆየ የጥገና ዕዳ አለ፣ በዚህ ላይ 144 ማይል ይጨመር? አሉ። እኔም ብሆን ይህን ጥያቄ በአንድ ቃል አልመልሰውም። መረከቡ ግን ትክክል ነበር። ግንባታ አሥር ዓመት፣ ሃያ ዓመት ሊጠብቅ ይችላል። የፈቃዱ ጊዜ አልቆ መስመሩ ቢበታተን ግን የሚጠብቅ ነገር አይኖርም ነበር።

ስለዚህ ሥራው አሁን በቁራጭ ነው የሚሄደው፣ ገንዘብ በተገኘበት ከተማ አጠገብ ትንሽ ትንሽ። ሐዲዱ ከተነቀለ ቆይቷል። ከዊንድሰር ወዲያ ያለው አብዛኛው ክፍል ለሕዝብ ገና ክፍት አይደለምና ድልድዮቹን ለማየት ብላችሁ እንዳትገቡ፣ መተላለፊያ ንጣፍ የላቸውም። ሁሉም ከተሠራ ኬቲና ሮክ አይላንድ ተገናኝተው ከ400 ማይል በላይ የሆነ ቀለበት ይሆናሉ። ቀለበቱ ግን በምሥራቅ በኩል አፉ አይዘጋም፣ ከቢውፎርት ወደ ሴንት ሉዊስ ያለው የመስመሩ ክፍል አሁንም ጭነት ባቡር ይሄድበታል። ከቢውፎርት ወደ ሰሜን ወጥቶ ሚዙሪን ወንዝ የሚሻገር ሌላ መንገድ መፈለግ አለበት። ለመሻገሪያው ዋሽንግተን ከተማ ላይ በ2018 የተከፈተ የመኪና ድልድይ አለ፣ ሲሠራ ለእግረኛና ለብስክሌት የተለየ መስመር ተበጅቶለታል፣ ማዶው ደግሞ ኬቲ ነው። የሚቀረው ከቢውፎርት እስከዚያ ድልድይ ድረስ ያለው መሬት ነው፣ እሱ የድሮ ባቡር መስመር ስላልሆነ ሬይል ባንኪንግ አያግዘውም። ከእያንዳንዱ ባለመሬት ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ይጠይቃል።